ከዳሞታ እስከ አባያ፦ የወላይታ ምድር ያጣውና ያስመለሰው

የዳሞታ ተራራ ከሶዶ በስተሰሜን ቆሞ ከተማዋን ቁልቁል ያያታል። በከተማዋ ካለው ኦቶና ቀና ያለ ሰው የሚያየው እሱን ነው። ፊቱን ወደ ደቡብ ሲያዞር ደግሞ አገሩ እየወረደ ይሄድና በሁምቦ ኮረብቶች በኩል አልፎ አባያ ሐይቅ ላይ ያበቃል። በደጋው ጫፍና በሐይቁ ዳር መካከል ያለው ርቀት በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሞላም። በዚህች አጭር ቁልቁለት ላይ ሰውና ሌላው ፍጡር እንዴት እንደኖሩ፣ ማን ማንን ገፍቶ እንዳስወጣና ማን እንደተመለሰ የሚናገረው ታሪክ ግን ረጅም ነው። ዓመቶቹን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንቆጥራለን።

መነሻው ዳሞታ ራሱ ላይ ነው። በተራራው ደቡብ ምዕራብ ጎን ሞቼና ቦራጎ የሚባል የዋሻ መጠለያ አለ። የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች በቁፋሮ ያወጧቸው የባልጩት መሣሪያዎች ሰው ከ50 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት እዚያ ይጠለል እንደነበር ይመሰክራሉ። አዳኝ ነበር። ያኔ የሰው ቁጥር ጥቂት ስለነበር አራዊቱን ቢያድንም አልጨረሳቸውም፤ ይህን ያህል ዘመን ተራራው ሁሉንም አኖረ።

ከብዙ ሺህ ዓመታት በኋላ ደጋው የገበሬ ሆነ። ገበሬውን ያቆመው ደግሞ እንሰት ነው። ቆጮው፣ ቡላውና አሚቾው ከአንድ ተክል ይገኛል፤ ለመድረስ ግን ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ የእንሰት ጓሮ ሁልጊዜ በተለያየ ዕድሜ ባሉ ተክሎች የተሞላ ነው፤ ከሥሩ ቡና፣ ጎመንና ቦዬ፣ ከላዩ ዋንዛና ብሳና ይቆማሉ። የወላይታ ገበሬ ለየእንሰቱ ዓይነት ስም ሰጥቶ፣ አንዱን ለቆጮ፣ አንዱን ለአሚቾ፣ ሌላውን ለቃጫ ወይም ለመድኃኒት እያለ መርጦ አኖረው። በ2006 የታተመ አንድ ጥናት በወላይታ ብቻ በየራሳቸው ስም የሚጠሩ 67 የእንሰት ዓይነቶችን መዝግቧል። የብዝኀ ሕይወት ነገር ሲነሳ አንበሳና ዝሆን ብቻ የሚታየው ሰው ይህን ቁጥር ልብ ይበል። ሰው ሁልጊዜ አጥፊ አይደለም፤ እዚህ ላይ ለዘመናት አብዝቷል።

ይህ ሚዛን ከውጭ በመጣ ነገር ተናጋ። በ1880 ገደማ ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ገባ። ክፉ ቀን ብለን የምናስታውሰው ረሀብ የጀመረው ከዚያ ነው። በሬ ሲያልቅ ማሳው ጦሙን አደረ፤ ሰውም እንደ ቅጠል ረገፈ። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሌላው ሟች ነው፤ ደስታ የሚያመነዥክን እንስሳ ሁሉ ስለሚይዝ ጎሹንና አጋዘኑንም ፈጀ። በሽታው ከአፍሪካ ቀንድ ተነስቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እስከ ደቡብ አፍሪካ ወረደ።

ከተጎዱት አንዱ ቆርኬ ነው። ስዌይን የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን በሶማሌ ሜዳ ላይ መንጋ በመንጋ ሆኖ ያየው ይህ እንስሳ በሳይንስ መዝገብ ላይ በስሙ የሰፈረው ልክ በዚያ ሰሞን ነው። በሽታውና ጠመንጃው ተባብረው ከሶማሌ ሜዳ ጠራርገው አጠፉት። የቀረው ኢትዮጵያ ውስጥ፣ በስምጥ ሸለቆው ሣራማ ሜዳዎችና ከዚያ በስተምዕራብ ባሉ ቆላዎች ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ውጪ አይገኝም።

በ1887 መግቢያ የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ወላይታ ደረሰ። የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና ተዋግተው ቆስለው ተማረኩ። ዘመቻውን ተከትሎ የሄደው ፈረንሳዊው ቫንደርሄም ያየውን ከሁለት ዓመት በኋላ ፓሪስ ላይ በመጽሐፍ አሳተመ። ጦርነቱ ስለ ግዛት ብቻ አልነበረም። ሰሜኑና መሀል አገሩ ከብቱ አልቆበት ስለነበር፣ ከወላይታ በሺዎች የሚቆጠር ከብት ተነድቶ ሄደ። ከብት ለእንሰት አገር ማዳበሪያ ነው፤ ፍግ የሌለው እንሰት አይወፍርም። ስለዚህ የከብቱ ዝርፊያ ለጓሮውም ዝርፊያ ነበር። ከዚያ መሬቱ ለዘማችና ለሹም ተደለደለ፣ ባለ መሬቱ ገባር ሆነ። ዛፉም ጌታ ለወጠ። የራሱ ባልሆነ መሬት ላይ ላለ ዛፍ የሚሳሳ ገባር የለም፤ በዚህ እሱን መውቀስ አይቻልም።

በዚያው ዘመን ባሕር ዛፍ አዲስ አበባ ገባ። ለማገዶ በየጊዜው እየተነቀለች ትዞር የነበረችው ከተማ በእሱ ረጋች፤ ከዚያም ዛፉ ከሹማምንቱና ከመንገዱ ጋር ወደ ደቡብ ወረደ። ዳሞታ ጎን ላይ ዛሬ ከሩቅ አረንጓዴ የሚመስለው ብዙው እሱ ነው። ባሕር ዛፍ ጠላት ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልልም፤ ቤት የሠራው፣ ልጅ ያስተማረው፣ የአገር ዛፍን ከመጥረቢያ ያተረፈው እሱ ነው። ግን ደን አይደለም። ከሥሩ ሣር አይጠግብም፣ ላዩ ላይ ወፍ አይበረክትም።

በ1920ዎቹ መጀመሪያ የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች ወላይታ ገብተው ኦቶና ላይ ሰፈሩ። ሕክምና መጣ፣ ቆየት ብሎም ክትባት መጣ፤ የሕፃን ሞት እየቀነሰ የሰው ቁጥር ከፍ አለ። ይህ በምንም መለኪያ መልካም ነገር ነው። ደጋው ግን አልሰፋም። አባት ለልጅ ሲያካፍል፣ ልጅም ለልጁ ሲያካፍል ጓሮው ጠበበ፣ የግጦሽ ሜዳው ታረሰ፣ መጥረቢያው ዳገት ወጣ።

ታዲያ ለምን ቁልቁል ወደ ቆላው አልወረዱም? ወደ አባያ ዳርቻና ወደ ኦሞ ሸለቆ ሰፊ ምድር ነበር። መልሱ ወባና የቆላ ዝንብ ነው። ወባ ሰውን፣ ዝንቡ የሚያስተላልፈው ገንዲ የተባለ በሽታ ከብቱን ይገድላል። በሬውን ገንዲ የገደለበት ገበሬ በማግስቱ ወደ ደጋው ይመለሳል። ጎሹ፣ አጋዘኑና ቆርኬው ገንዲን ስለሚችሉት ሜዳው ለእነሱ ቀረ። ይህን መናገር ደስ አይልም እንጂ፣ የደቡብን ቆላ የዱር እንስሳት ከማንኛውም ሕግና ከማንኛውም ዘበኛ በላይ ለረጅም ጊዜ የጠበቃቸው ይህ ዝንብ ነው።

ሕግ የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ የዩኔስኮ ባለሙያዎች አገሩን ዞረው ካጠኑ በኋላ የዱር እንስሳት ጥበቃ ድርጅት ተቋቋመ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለቆርኬ ሲባል ከሻሸመኔ በስተምዕራብ ሰንቀሌ ላይ መጠለያ ተከለለ፤ ያኔ 3,000 ያህል ቆርኬ ነበረበት። በ1966 ደግሞ 90 ያህሉ ተይዘው፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች መካከል ወዳለው አዲሱ የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ተጓጓዙ። እንቁላልን በሁለት ቅርጫት የማኖር ያህል ጥሩ ሐሳብ ነበር።

መንግሥት በአንድ እጁ እንዲህ ሲከልል በሌላ እጁ የሚያርሰውን ይፈልግ ነበር። በ1962 በዓለም ባንክ ብድር የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ሰዉ እስከ ዛሬ «ዋዱ» የሚለው፣ ሥራ ጀመረ። ለደጋው ገበሬ ማዳበሪያና የተሻሻለ በቆሎ አቀረበ፤ ለጠበበው ሰው ደግሞ በአባያ ዳር አበላን ከፈተለት። ቁጥቋጦው ተመነጠረ፣ ትራክተር ገባ፣ ከደጋ የወረዱ ቤተሰቦች ሰፈሩ። በቢላቴ ወንዝ አካባቢም ሰፋፊ እርሻ ተከተለ። ዋዱን የሚያመሰግኑት አሉ፤ መንገዱ፣ ብድሩና የገበሬዎች ማኅበሩ ለብዙ ሰው እንጀራ ሆነዋል። ሜዳውን ለማጣት ግን ከአንድ ትውልድ ያነሰ ጊዜ በቃ። ዝንቡ ለዘመናት የዘጋውን በር ቡልዶዘር በጥቂት በጋ ከፈተው።

በደጋው ሌላ ለውጥ በዝግታ ይሄድ ነበር። በቆሎና ስኳር ድንች በወራት ይደርሳሉ፤ እንሰት ዓመታት ይጠይቃል። ማሳው ሲጠብ ሰው ወደሚፈጥነው አዘነበለ። በ1960 ደግሞ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ተመራማሪዎች የእንሰት አጠውልግ በሽታ መንስኤ ባክቴሪያ መሆኑን ለዓለም አሳወቁ። በሽታው በቢላዋ ይተላለፋል፤ የታመመውን የቆረጠ ስለት ጤነኛውን ሲነካ ያ ተክል ያለቀለት ነው። ገበሬዎች «ማዚያ» የሚሉት የእንሰት ዓይነት ሲቋቋመው «አርኪያ» ቶሎ እጅ ይሰጣል። ገበሬው የሚሞትበትን እየተወ የማይሞትበትን ተከለ። ምን ያድርግ! ግን እንዲህ እየተመረጠ ሲሄድ የጓሮው ስም ዝርዝር ያጥራል፤ ነገ ሌላ በሽታ ሲመጣ የሚቋቋመው ዓይነት ከጠፉት መካከል ሊሆን ይችላል።

የካቲት 25 ቀን 1967 መሬት ለአራሹ ታወጀ። ገባርነት ቀረ፤ ወላይታ ውስጥ ይህ ቀን ምን ያህል ትልቅ እንደነበረ የማያውቅ የለም። ማሳ ለአራሹ ሲሰጥ ግን ደኑ ለመንግሥት ሆነ። የመንግሥት የሆነ ደግሞ በተግባር የማንም ነው። የሁምቦ ተራራ ግራሩ፣ ወይራውና ዝግባው ለማገዶና ለከሰል ሲወርድ ባለቤት ነኝ ብሎ የሚቆም አልነበረም። ዛፉ ሲያልቅ ጉቶው ተፈለጠ፤ ጉቶው ሲያልቅ ከብት የቀረውን ቀንበጥ ነጨ። ክረምት በመጣ ቁጥር ከተራቆተው ዳገት የሚወርደው ጎርፍ አፈሩን አባያ ውስጥ ከተተው። የሐይቁ ውሃ ቀይ ሸክላ የመሰለው ከየወንዙ የሚገባው ደለል ውስጡ ተንሳፍፎ ስለሚቀር ነው።

በ1977 ድርቁ ወላይታንም መታ። ምድሩ አረንጓዴ ሆኖ ሰው ይራባል፤ የውጭ ሰዎች በኋላ «አረንጓዴ ረሀብ» አሉት። የደረሰው እንሰት ሲያልቅ ያልደረሰው ተነቀለ፣ ለዘር የሚሆነውም ተበላ። ረሀብ የሰው ብቻ ሳይሆን የዘርም እልቂት መሆኑን ያኔ ያየ ሰው አይረሳውም።

የ1983 የመንግሥት ለውጥ ሲመጣ ዘበኛው ጠመንጃውን ጥሎ ቤቱ ገባ። በየአገሩ የመንግሥት ደንና ፓርክ የሆነው ሁሉ ለጥቂት ወራት ያለ ከልካይ ቀረ። ሰንቀሌ ላይ ከ3,000 ቆርኬ የቀሩት ጥቂት መቶዎች ነበሩ። ይህን ጥፋት በሕገ ወጦች ብቻ ማላከክ ይቀለናል። ሰው ግን ቂም ነበረው፤ ነጭ ሣር ውስጥ ይኖሩ የነበሩ ጉጂዎችና ኮሬዎች በ1970ዎቹ በግድ ከመሬታቸው ተነቅለው ነበር። እንስሳው የመንግሥት ነው ተብሎ ሲነገረው የኖረ ሕዝብ፣ መንግሥቱ በወደቀ ቀን እንስሳውን የማን ነው ይበለው? ወደ ነጭ ሣር የተጓጓዙት ቆርኬዎችም አልበረከቱም፤ ሜዳው በከብትና በቁጥቋጦ እየተወረረ መንጋው ሳስቶ በጣት የሚቆጠሩ ብቻ ቀሩ። ሁለተኛው ቅርጫት ተሰበረ ማለት ነው። ተስፋ የሆነው ሦስተኛው ነው፦ ከሶዶ ወደ ሳውላ በሚወስደው መንገድ በ1997 የተቋቋመው፣ 220 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነው የማዜ ብሔራዊ ፓርክ ዛሬ ከሰንቀሌ ጋር የዓለም ቆርኬ ዋና ማደሪያ ነው።

የ1999 የሕዝብ ቆጠራ ለወላይታ ዞን 1.5 ሚሊዮን ሰው ጻፈ። የዞኑ ስፋት 4,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ350 ሰው በላይ ማለት ነው፣ ያውም አብዛኛው በገጠር። ብዙው ቤተሰብ የሚያርሰው ከግማሽ ሄክታር አይበልጥም። ይህን ቁጥር ይዞ ዳር ቆሞ ለሚያይ ሰው ታሪኩ እዚህ ያበቃለት ይመስለዋል፤ ሰው በዛ፣ ደን አለቀ፣ ሌላ ምን አለ ይላል። ሁምቦ ያፈረሰችው ይህን ድምዳሜ ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ወርልድ ቪዥን የሁምቦን የተራቆተ ተራራ ይዞ አንድ ሐሳብ አመጣ። ሐሳቡ የቶኒ ሪናውዶ ነው። ይህ አውስትራሊያዊ ኒጀር ውስጥ ለዓመታት ችግኝ ሲተክል፣ የተከለው ሁሉ ሲደርቅበት ኖሮ፣ አንድ ቀን በረሃው ላይ ቁጥቋጦ የመሰለው ነገር የተቆረጠ ዛፍ ቀንበጥ መሆኑን አስተዋለ። ዛፉ አልሞተም፤ ሥሩ ከመሬት በታች ሕያው ነው፤ በየዓመቱ ያቆጠቁጣል፣ በየዓመቱ ይበላል ወይም ይቆረጣል። የሚያስፈልገው መትከል ሳይሆን መተው ነበር፤ ከጉቶው ከሚወጡት ቀንበጦች ጠንካሮቹን መርጦ፣ ሌላውን ገርዞ፣ ከብት ከልክሎ መጠበቅ።

ሁምቦ ላይ 2,728 ሄክታር ከሰውና ከከብት ንክኪ ነጻ ሆነ። ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ከደን ሳይንስ ይልቅ የባለቤትነት ነገር ነው፦ ነዋሪዎቹ በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው የደኑ ተጠቃሚነት መብት በእጃቸው ገባ። መጀመሪያ ላይ የጠረጠሩ ብዙ ነበሩ፤ መሬታችንን በዘዴ ሊወስዱብን ነው ያሉ። ከታሪካቸው አንጻር ያለ ምክንያት አልጠረጠሩም። ሆኖም ሣር አጭዶ መውሰድ ተፈቀደ፣ ከመግረዝ የሚገኘው ጭራሮ ማገዶ ሆነ፣ ዘበኞቹም ከመንደሩ ሰው ተመረጡ። ከተከለለው መሬት ከዘጠና በመቶ በላይ የሆነው ከአሮጌ ጉቶ ተነስቶ ለበሰ። ለአሥርት ዓመታት ሞተ የተባለው ተራራ ሥሩ ሳይበሰብስ ጠብቆ ኖሯል።

በ2002 ሁምቦ በኪዮቶ ስምምነት የካርቦን ሥርዓት ተመዘገበች፤ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የደን ፕሮጀክት ነው። በ30 ዓመት ውስጥ 880 ሺህ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚያምቅ ተሰላ፤ የዓለም ባንክ 165 ሺህ ቶኑን ለመግዛት ተዋዋለ። በ2003 መጀመሪያ ማኅበራቱ የመጀመሪያውን 34 ሺህ ዶላር ተቀበሉ። በዳሞታም ላይ በተመሳሳይ መንገድ 503 ሄክታር ተከለለ። ምንጮች ተመለሱ፤ ወፉም ዝንጀሮውም ጃርቱም ተመለሰ። ጃርት ግን እንሰት ይበላል። ደን ጥሩ ነው ብሎ ከተማ ላይ መናገርና ሌሊቱን ማሳ ሲጠብቁ ማደር አንድ አይደሉም፤ የካርቦኑ ገንዘብ የቤት ለቤት ካሳ ሳይሆን የማኅበር መሆኑ እዚህ ላይ ጥያቄ ያስነሳል፣ ጥያቄውም ትክክል ነው።

ደኑ በዚህ በኩል ሲመለስ በሌሎች በሮች ሌላ ኪሳራ ገባ። በደቡብ ስምጥ ሸለቆ የቆላ ዝንብን ለማጥፋት ከ1990ዎቹ ጀምሮ ትልቅ ዘመቻ ተካሄደ፤ በጨረር የመከኑ ወንድ ዝንቦችን አባዝቶ እስከ መልቀቅ የደረሰ። ለከብት አርቢው እፎይታ ነው። ለቀረው ሣርና ለቀረው አውሬ ግን የድሮው ዘበኛ ሽኝት ነው፤ በሱ ቦታ ማን እንደሚቆም አስቀድሞ የታሰበበት አይመስልም። በታኅሣሥ 2009 በወላይታና በዳውሮ መካከል፣ ኦሞ ላይ፣ 243 ሜትር ከፍታ ያለው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ተመረቀ። 1,870 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ ከኋላው የተኛው ውሃ የወንዙን ዳር ጫካ በረጅሙ ዋጠው። ከታች ቱርካና ሐይቅ በየዓመቱ ይቀበል የነበረው ጎርፍ ተቀየረ፤ በ2010 የቱርካና ፓርኮች አደጋ ላይ ባሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገቡ። አባያ ላይ ደግሞ በ1950ዎቹ መጨረሻ ቆቃ ላይ የታየው እንቦጭ ደርሶ ዳርቻውን ይዟል። ከየማሳው የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ ምግቡ ነው።

የምሥራች የሚባል አንድ ነገር ከዚሁ ዘመን እንጨምር። በ2003 የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ደስታ ከምድር ገጽ መጥፋቱን አወጀ፤ ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሰው ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው። ክፉ ቀንን ያመጣው ጠላት ዛሬ የለም። ሜዳው ላይ ግን የሚደሰተው ቆርኬ ጥቂት ነው፤ የዛፍ ሥር መሬት ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይጠብቃል፣ የእንስሳ መንጋ ግን የሚጠብቅበት ሥር የለውም።

የእንሰትም ነገር ከዛፉ ይልቅ ወደ መንጋው ያደላል። እንሰት ለምግብ የሚቆረጠው ከማፍራቱ በፊት ስለሆነ ዘሩ የሚቀጥለው ከሥሩ በሚፈላ ችግኝ ነው፤ የመጨረሻዋ እናት ተክል ከተነቀለች ያ ዓይነት አለቀ። አረካ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ከመላው የእንሰት አገር የተሰበሰቡ ከ600 በላይ ናሙናዎችን ማሳ ላይ ተክሎ ያቆያል። አንድ ማሳ ግን አንድ ማሳ ነው፤ አጠውልግ ሊገባበት ይችላል። ስለዚህ ይህን የሚያነብ የወላይታ ሰው፣ ሶዶም ይኑር አዲስ አበባም ይኑር ባሕር ማዶ፣ በቤተሰቡ ጓሮ ጎረቤት የማያውቀው ስም ያለው እንሰት ካለ እናቱን ወይም አያቱን ስሙንና አያያዙን ጠይቆ ይመዝግብ፤ ችግኙንም ከአንድ በላይ ለሆኑ ጎረቤቶች ያካፍል፣ አንዱንም ለአረካ ያድርስ። ዘንድሮ፣ እናት ተክሏ ሳትቆረጥ።